ዋንዛው ለምን ተሰነጠቀ? በቶርኖ ገበቴ ስሠራ የተማርኩት

ጥቅምት መጨረሻ ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ከሳሎን «ቷ!» የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ብርጭቆ የወደቀ መስሎኝ ተነስቼ መብራት አበራሁ። ሁሉም በቦታው ነው። ነገሩን ያየሁት ጠዋት ነው። ቡፌው ላይ ያስቀመጥኩት፣ ሁለት ቅዳሜና እሑድ ሙሉ የለፋሁበት የዋንዛ ገበቴ ከአፉ እስከ መቀመጫው ተሰንጥቋል። ስንጥቁ የጥፍሬን ጫፍ ያስገባል።

ከዚያ በኋላም አራት ገበቴዎች ተከታትለው እንደዚሁ ሆኑብኝ። እውነቱን ለመናገር ልተወው ነበር። ይህን የምጽፈው አሁን እዚያ ደረጃ ላይ ላላችሁ ነው፤ ቶርኖ (እንጨቱን እያሽከረከረ በመሮ የሚቆረጥበት ማሽን) ገዝታችሁ ወይም አሠርታችሁ፣ ቪዲዮ እያያችሁ አንድ ቆንጆ ነገር ሠርታችሁ፣ በሳምንቱ ለምን እንደተበላሸ ግራ ለገባችሁ። እኔ በዚህ ሥራ 8 ዓመቴ ነው። ከመቁረጡ ይበልጥ ብዙ ዋጋ ያስከፈለኝ ማድረቁ ነው፤ ስለዚህ እሱ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ማሽኑ ትንሽ ልበል። ቶርኖ ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው የብረቱን ነው። የእንጨቱ ቀለል ያለ ነው። የእኔን የመጀመሪያ ቶርኖ ያሠራሁት ብየዳ ቤት ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት ያለው ዲናሞ፣ ሁለት ኩሽኔታ፣ ሦስት እርከን ያለው ፑሌጃ፣ ፑሌጃውን የሚያዞረው ቀበቶ ማለትም ቺንጋ፣ ከታች ወፍራም የአንግል ብረት። በቃ ይኸው ነው። እግሩ ላይ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ጫንኩበት፤ ማሽን ቀላል ከሆነ ክብ ያልሆነ እንጨት ሲታሰርበት እንደ በቅሎ ይዘላል። ለጀማሪ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ገንዘብ ካላችሁ እንጨቱን የሚይዘው ባለአራት መንጋጋ ቻክ ላይ አውጡት፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ያ ገበቴ በተሰነጠቀ ሰሞን ሰፈራችን ወዳሉ አንድ አዛውንት አናጢ ይዤው ሄድኩ። ጋሼ ነው የምላቸው። ከ50 ዓመት በላይ በርና ቁም ሳጥን ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ገበቴውን ተቀብለው አገላበጡት፣ አሸተቱት፣ ጉንጫቸው ላይ አስደገፉት።

«መቼ የተቆረጠ እንጨት ነው?» አሉኝ።

«ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፣ ጋሼ።»

«እና ሠርተህ ቡፌ ላይ አስቀመጥከው? በጥቅምት? ልጄ፣ ይኼ'ኮ ገና ውኃ ይዟል። ንካው እስቲ፣ ይቀዘቅዛል።»

እውነትም ጉንጬ ላይ ሳደርገው ይቀዘቅዝ ነበር። እርጥብ እንጨት ሲነኩት ቀዝቃዛ ነው፤ እስከ ዛሬ የምጠቀምበት የመጀመሪያው መለኪያ ይህ ነው። ከዚያ ምክንያቱን አስረዱኝ። ላዩ ቶሎ ይደርቅና መሸብሸብ፣ ማለትም መኮማተር፣ ይፈልጋል። ውስጡ ገና እርጥብ ስለሆነ አልሸበሸብም ይላል። ሁለቱ ሲጓተቱ ላዩ ይቀደዳል። ወፍራም ሆኖ የተተወ ቦታ ካለ ደግሞ ይብሳል፤ የእኔ ገበቴ ግድግዳው ቀጭን፣ መቀመጫው ወፍራም ነበር።

ሌላም ነገር አለ። እንጨት በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይሸበሸብም። በዕድሜ ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚሸበሸበው፣ ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ከሚሸበሸበው በግምት እጥፍ ነው። ወደ ርዝመቱ ደግሞ ከነጭራሹ እንደሌለ ቁጠሩት። ስለዚህ እርጥብ እያለ ፍጹም ክብ አድርጋችሁ ያወጣችሁት ገበቴ ሲደርቅ እንቁላል ይመስላል። ይህ ጥፋት አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። ማድረግ የምንችለው ቦታ ትቶለት መጠበቅ ነው።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። እንጨቱን እርጥብ እያለ አንድ ጊዜ እቆርጠዋለሁ፣ አደርቀዋለሁ፣ ከደረቀ በኋላ ሁለተኛ ጊዜ እቆርጠዋለሁ። በመጀመሪያው ዙር የግድግዳውን ውፍረት የስፋቱን አንድ አሥረኛ አደርጋለሁ። 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ገበቴ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል መሆኑ ነው። መቀመጫውም ያው ውፍረት ይሁን። ከዚህ ከቀጠነ ሲጣመም መልሶ ክብ የሚሆንበት ሥጋ አይኖረውም። ከወፈረ ደግሞ ይሰነጠቃል።

ከዚያ በሲሚንቶ ወረቀት እጠቀልለዋለሁ። የሲሚንቶው ዱቄት በደንብ ተራግፎ። ውስጡንና ዙሪያውን ከራሱ በወጣው እርጥብ ፍቅፋቂ እሞላዋለሁ። ወረቀቱ ላይ የእንጨቱን ስም፣ ቀኑንና ክብደቱን እጽፋለሁ። ክብደቱ ዋናው ነገር ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። በየእሑዱ እመዝናለሁ። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ባለፈው ዓመት የሠራሁት የዋንዛ ገበቴ ከቶርኖው ሲወርድ 1,620 ግራም ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት 190 ግራም ጣለ። ከዚያ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ በአራተኛው ወር 940 ላይ ቆመ። ሦስት እሑድ ተከታታይ 940 ሲል ደርቋል ማለት ነው። እስኪ አስቡት፣ ከዚያች ትንሽ ነገር ከግማሽ ሊትር በላይ ውኃ ነው የወጣው። ያ ሁሉ ውኃ ቡፌ ላይ በሁለት ሳምንት ይውጣ ብዬ ነበር የፈረድኩባት።

ወቅቱን አትናቁ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ አየሩ በጣም ይደርቃል። ከንፈራችንን ቫዝሊን የምንቀባበት ጊዜ ለእርጥብ እንጨት ክፉ ጊዜ ነው። አሁን የመጀመሪያውን ዙር የምቆርጠው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ነው። ዝናቡ ራሱ ማድረቁን ያዘገይልኛል። እስከ መስከረም ድረስ ብዙው ውኃ በቀስታ ይወጣና ጥቅምት ሲመጣ የሚሰነጠቅ ነገር አያገኝም። የክረምት ጣጣው ሻጋታ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ፍቅፋቂውን በየአራት ቀኑ በደረቅ እቀይራለሁ። በበጋ መቁረጥ ግድ ከሆነባችሁ ወረቀቱን ድርብ አድርጉና ነፋስ የማያገኘው ቦታ፣ መሬት ላይ አስቀምጡት። ፀሐይ ላይ በፍጹም።

ጅማ የሄድኩ ጊዜ አንድ በርጩማ የሚጠርብ ሰው ዘንድ ግማሽ ቀን ተቀምጬ ነበር። የጅማ በርጩማ መቀመጫውና ሦስቱ እግሮቹ ሳይገጣጠሙ ከአንድ ግንድ ነው የሚወጡት። ሰውዬው በእርጥቡ ጠረበና ቁራጩን ጥላ ሥር በቅጠል ሸፍኖ ተወው። ለምን እንደሚሸፍነው ስጠይቀው «እንዳይደነግጥ» አለኝ። እኔ ስንት ገበቴ አበላሽቼ የደረስኩበትን እሱ ከአባቱ ነው የወረሰው። እንዲህ ያለ እውቀት በእጃቸው ያሉ ሰዎች በየአገሩ አሉ፣ ዝም ብለው ነው የሚሠሩት። ስታገኟቸው ጊዜ ሰጥታችሁ ጠይቋቸው።

ወደ እንጨቱ ምርጫ ልምጣ። ለጀማሪ ዋንዛን የሚያህል የለም። ቀላል ነው፣ ብዙ አይጣመምም፣ መሮ ይወዳል፣ ልቡ ሲቆረጥ ወደ ሮዝ የሚያደላ ቡናማ ሆኖ እያደር ይጠቁራል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. የወጣውና በኋላ በሌላ የተተካው የደን አዋጅ የከለከላቸው ዛፎች ናቸው። ለገበቴ ብሎ የቆመ የአገር ዛፍ መጣል አያስፈልግም፤ እኔ አላደርገውም። ገበቴ እኮ ትንሽ ነገር ነው። ከግቢ የተገረዘ ቅርንጫፍ፣ ነፋስ የጣለው፣ ለግንባታ ተነስቶ ለማገዶ ሊሸጥ የተከመረ ግንድ ይበቃዋል። እንጨት ቤቶች የሚጥሉት ወፍራም ቁራጭም አለ። ለጎረቤት፣ ለዘበኛ፣ ለማገዶ ሻጭ ንገሩ፤ አንዴ ከታወቃችሁ ሰው ራሱ ይደውልላችኋል።

ግራቪሊያ በየቦታው የተተከለ ስለሆነ በቀላሉ ይገኛል። በትክክል ሲቆረጥ የነብር ቆዳ የመሰለ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ሲያዩት ያስደንቃል። ግን አቧራው ቆዳ ያስቆጣል። እኔ የመጀመሪያ ቀን እጅጌዬን ሰብስቤ ስሠራበት ውዬ ማታ ሁለቱም ክንዴ በሽፍታ ተሞላ፣ አራት ቀን አሳከከኝ። አሁን ከእሱ ጋር ስውል ክንዴን ቅባት ቀብቼ እጀምራለሁ፣ እንደጨረስኩ በሳሙና እታጠባለሁ።

ወይራ ሌላ ዓለም ነው። ከባድ፣ ጠጣር፣ ጭረቱ እንደ ተሳለ ሥዕል። መሮ ቶሎ ያደንዛል፣ ቶሎም ይሰነጠቃል፣ ትልቅ ስፋት ያለውም አይገኝም። ስለዚህ የምሠራበት ትንንሽ ነገር ነው። ግን ቶርኖው ላይ ሲሽከረከር የሚወጣው ሽታ! የእማዬ የወተት ዕቃ ትዝ ይለኛል፤ ግራዋ ታጥቦ፣ በወይራ ጭስ ታጥኖ፣ ተደፍቶ። ያንን ሽታ የሚያውቅ ሰው ወይራ ሲቆርጥ ዝም ብሎ አይቆርጥም።

ጽድም ሽታው ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሙቀት አይወድም። በብርጭቆ ወረቀት አጥብቃችሁ ካሻችሁት ይግልና ላዩ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቆች ይበትናል። ባህር ዛፍ ለገበቴ አልመክርም፣ ሲደርቅ ይጠመዘዛል። ቅንጭብና ቁልቋል ደግሞ አትንኩ። ወተታቸው ዓይን ውስጥ ከገባ አደገኛ ነው።

ግንዱን ስትቆርጡ እምብርቱን አውጡት። ግንዱን ለሁለት ሰንጥቃችሁ፣ መሃል ለመሃል እምብርቱን ይዞ የሚያልፈውን አንድ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር አስወግዱ። እምብርት ያለበት ገበቴ ብዙውን ጊዜ ይሰነጠቃል። የቀረውን ግማሽ ወዲያው የማትሠሩበት ከሆነ ሁለቱን ጫፎች በዚያው ቀን ሻማ አቅልጣችሁ ቀቡ፣ ወይም የተረፈ የዘይት ቀለም። «ነገ እቀባዋለሁ» ያልኩት አንድ ቆንጆ የግራቪሊያ ግንድ በማግስቱ ከሰዓት አፉ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቆ ጠበቀኝ።

እሺ፣ አሁን ቶርኖው ላይ ነን። ከሁሉ በፊት ፍጥነት። 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው እንጨት በደቂቃ 1,400 ጊዜ ቢዞር ጠርዙ በሰዓት ወደ 66 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። መኪና ማለት ነው። ክብ ያልሆነ እንጨት ደግሞ አንዱ ጎኑ ከባድ ነው። እኔ ይህን ሳላስብ አንድ ቀን ቺንጋውን ፈጣኑ እርከን ላይ እንደተወው አስነሳሁት። እንጨቱ ከሚያዞረው ብረት ጋር የታሰረው በአጫጭር ብሎን ነበር። ሦስት ሰከንድ አልቆየም። ተነቅሎ ሄዶ የቆርቆሮውን ግድግዳ መታው፤ ቆርቆሮው ላይ የጭንቅላት ያህል ጎድጓድ ተወ። እኔን ያተረፈኝ ጋሼ «ስታስነሳው ከፊቱ አትቁም፣ ከጎን ቁም» ያሉኝን ማድረጌ ነው።

ለዚህ ስፋት መጀመሪያ ላይ በደቂቃ 400 ወይም 500 ዙር ይበቃል። ክብ ከሆነ በኋላ እስከ 900 ማሳደግ ይቻላል፣ ከዚያ በላይ ጥቅም የለውም። ከማስነሳታችሁ በፊት እንጨቱን ሁልጊዜ በእጃችሁ አንድ ዙር አዙሩት፤ መሮው የሚያርፍበትን መደገፊያ የሚነካው ነገር ካለ በእጅ ይታወቅ። ፊትን ሙሉ የሚሸፍን መከላከያ አድርጉ፣ መነጽር ብቻ አይበቃም። ጓንት አታድርጉ፤ ከያዘው እጅን ይዞ ነው የሚሄደው። ማተባችሁን ወደ ውስጥ ክተቱት። ረጅም ፀጉር ይታሰር፣ ነጠላም ሆነ ስካርፍ አጠገቡ አይድረስ።

አንድ የእኛ አገር ጉዳይም አለ፣ ቪዲዮዎቹ ላይ የማታዩት። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል። እኛም ትተን ቡና ልንጠጣ እንሄዳለን። ማብሪያው ግን እንደበራ ነው። መብራቱ ሲመጣ ቶርኖው ብቻውን ይነሳል፤ መሮ መደገፊያው ላይ ተቀምጦ ወይም ሕፃን አጠገቡ ቆሞ ሊሆን ይችላል። መብራት በጠፋ ቅጽበት የመጀመሪያው ሥራ ማብሪያውን ማጥፋት፣ ቀጥሎ ሶኬቱን መንቀል ነው። ልጆቼ እንኳ አሁን ይህን ያውቃሉ፤ መብራት ሲሄድ «አባዬ፣ ነቅለኸዋል?» ብለው ይጮሃሉ።

ስለ መሮ። እኔ ስጀምር የእንጨት መፋቂያ መሣሪያ የሠራሁት ከአሮጌ ሞረድ ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። እባካችሁ አታድርጉ። ሞረድ ጠንካራ ቢሆንም ይሰበራል፣ አይታጠፍም። የእኔው ወይራ እየቆረጥኩበት ሳለሁ እጀታው አጠገብ ለሁለት ተሰበረና ስባሪው አገጬን ጫረኝ። የመኪና ባሌስትራ ይሻላል፤ አንጥረኛ ዘንድ በደንብ ከተሠራ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ለቶርኖ ተብሎ የተሠራ ቦይ ያለው መሮ ነው። አንድ ብቻ ግዙ፣ እሱን መሳል ተማሩ።

መሳል ላይ ብዙ ሰው ይሰንፋል። የደነዘ መሮ ሲገፉት ነው እንጨት ነክሶ የሚወረውረው። ስስል አንድ ዘዴ አለኝ፤ የመሮውን ጀርባ በማርከር አጠቁረዋለሁ፣ ድንጋዩን ለአፍታ አስነካዋለሁ፣ የጠፋውን ቦታ አያለሁ። ጥቁሩ ከአፉ እስከ ተረከዙ እኩል ከጠፋ ማዕዘኑ ልክ ነው። የእኔ 45 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዋንዛ ላይ በየ15 ደቂቃው፣ ወይራ ላይ በየ5 ደቂቃው ወደ ድንጋዩ እመለሳለሁ። ጊዜ ማጥፋት እንዳይመስላችሁ።

አቆራረጡ ቅደም ተከተል አለው። መሮው መጀመሪያ መደገፊያውን ይንካ። ቀጥሎ የተሳለው ጀርባው እንጨቱን ይንካ፣ ሳይቆርጥ እያሸ ይቀመጥ። ከዚያ እጀታውን ቀስ ብላችሁ ከፍ ስታደርጉ አፉ ራሱ መቁረጥ ይጀምራል። አፉን አስቀድሞ የሚያስገባ ሰው ይነከሳል። የውጭውን ስትቆርጡ ከመቀመጫው ወደ አፉ፣ ማለትም ከጠባቡ ወደ ሰፊው ሂዱ። ውስጡን ስትቦረቡሩ ደግሞ ከአፉ ወደ መሃል። ይህን ከገለበጣችሁት ጅማቱ እየተነቀለ ሸካራ ይሆናል፣ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት አይወጣም።

በትክክል ሲቆረጥ ድምፁ ይለያል። እርጥብ ዋንዛ «ሽሽሽ» ይላል፣ እንደ ዝናብ። ፍቅፋቂው ረጅም ጥብጣብ ሆኖ ከመሮው ቦይ እየወጣ ትከሻዬ ላይ ይወድቃል፣ ውኃው ፊት መከላከያው ላይ ይረጫል። ግድግዳው እየቀጠነ ሲሄድ ድምፁ ከፍ እያለ ይመጣል፤ ጆሮ ከለመደው ውፍረት ይነግራል። እስኪለምድ ግን ማሽኑን እያቆማችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ለኩ። ለጥልቀቱ ደግሞ ከመጀመርዎ በፊት በትራፓኖ መሃሉ ላይ ቀዳዳ አብጁ፣ መብሻው ላይ ፕላስተር ጠቅልላችሁ እስከዚያ ብቻ። በመጨረሻው ዙርም መቀመጫው ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ይቅር። ሳለካ «ትንሽ ቀርቶታል» ብዬ ቆርጬ ታች ወጥቼ አውቃለሁ።

አሁን የምወደው ክፍል፣ ቅርጹ። ሁለተኛው ዙር ላይ፣ እንጨቱ ከደረቀ በኋላ፣ ግድግዳውን ወደ 7 ሚሊ ሜትር ሳቀጥነው ከአፉ ሥር ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚሆን መቀነት በ12 ሚሊ ሜትር ውፍረት እተዋለሁ። ቅርጹ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። የማደርገው ንድፍ ብዙውን ጊዜ ከብራና መጻሕፍት ሐረግና ከሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ የተወሰደ ነው። ዙሪያውን ለመከፋፈል ከባድ ሒሳብ አያስፈልግም። ኮምፓሱን በክቡ ግማሽ ስፋት ልክ ከፍታችሁ ጠርዙ ላይ ብትረግጡ በትክክል ስድስት ጊዜ ይገባል። እያንዳንዱን ለሁለት ስትከፍሉ 12፣ እንደገና 24። ለሐረግ 12 በቂ ነው።

ቅርጹን የምሠራው ገበቴው እዚያው ቻኩ ላይ እንዳለ ነው፤ ጥሩ መያዣ ይሆናል። ሶኬቱ ግን ተነቅሎ መሬት ላይ፣ ዓይኔ የሚያየው ቦታ ላይ ነው። ንድፉን በእርሳስ ከሳልኩ በኋላ በሹል መሮ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል እወርዳለሁ። እዚህ ላይ ጀማሪ የሚሸነፍበት ነገር የጅማቱ አቅጣጫ ነው። ገበቴውን ዙሪያውን እዩት። ሁለት ቦታ ላይ ጅማቱ ለስላሳ ሆኖ ጠርዙን ተከትሎ ይሄዳል፣ ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ ተቆርጦ አፉን አውጥቶ ይታያል። ውጭው ላይ ሁልጊዜ ከለስላሳው ወደ ተቆረጠው ቅረጹ። ይህ ማለት በአንድ ዙር አራት ጊዜ አቅጣጫ ትቀይራላችሁ። መሮው ወደ ውስጥ ሲሰርግና ቅንጣቢ ሲነቅል ከተሰማችሁ አቁሙ፣ ከወዲያ ኑ።

ዋንዛ ላይ ረቂቅ ነገር አትሞክሩ። ቀዳዳዎቹ ሰፋፊ ስለሆኑ ቀጭን መስመር ይፈረፈራል። ትልልቅ ቅጠል፣ ሰፋ ያለ ጥልፍልፍ፣ ደህና ጥልቀት። ረቂቁን ለወይራ ተዉት፤ እዚያ ላይ የክር ያህል መስመር ቁጭ ይላል። ደግሞ ከመቅረጻችሁ በፊት ያን ቦታ ብርጭቆ ወረቀት አይንካው። አሸዋው ቀዳዳው ውስጥ ይቀርና የመሮውን አፍ ይበላዋል። መጀመሪያ ቅርጹ፣ ከዚያ ማለስለሱ።

ማለስለሱ አጭር ነው፣ ግን አትዝለሉ። ከ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሬ 180፣ 240፣ 320። አንዱን ቁጥር ከዘለላችሁ የበፊቱ ጭረት ዘይት ሲነካው ይጮሃል። አፍንጫና አፍ መሸፈኛ አድርጉ። ዓይን የሚያየው ሰጋቱራ ብዙም አያሰጋም፤ ሳንባ የሚገባው የማይታየው ዱቄት ነው። እኔ በሩን ከፍቼ፣ ማራገቢያ ከኋላዬ አድርጌ ነው የምሠራው።

ምግብ የሚነካው ስለሆነ ቫርኒሽ አልቀባም። የተልባ ዘይት እቀባለሁ፣ ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበትን። 20 ደቂቃ ይጠጣና የተረፈውን በጨርቅ እጠርገዋለሁ። ሳምንት ቆይቼ እደግማለሁ፣ ሦስት ጊዜ። መጨረሻ ላይ አንድ እጅ የማር ሰም ከአራት እጅ ዘይት ጋር በፈላ ውኃ ላይ ባስቀመጥኩት ጣሳ አቅልጬ እወለውላለሁ። ተልባ ቶሎ አይደርቅም፤ ሳይደርቅ ቆሎ ብታደርጉበት ቆሎው ይሸታል።

የዘይቱ ጨርቅ ጉዳይ ደግሞ እሳት ነው፣ በእውነት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል። የተጨማደደ ጨርቅ ውስጥ ያ ሙቀት መውጫ ያጣና ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። አንድ ቀን ሦስት ጨርቅ ፌስታል ውስጥ ጠቅልዬ ሰጋቱራ ከረጢት አጠገብ ትቼ ሄድኩ። ረስቼው ስመለስ ፌስታሉ ሲነካ ያቃጥል ነበር። አሁን ጨርቁን ውጭ ሽቦ ላይ ዘርግቼ አደርቀዋለሁ፣ ወይም ውኃ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ። ይህን ብቻ እንኳ ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል።

ለሰው ስትሰጡ ወይም ስትሸጡ አጠቃቀሙን ንገሩ። ለፈንዲሻ፣ ለቆሎ፣ ለዳቦ፣ ለፍራፍሬ ቆንጆ ነው። ትኩስ ወጥ አይደረግበትም፣ ውኃ ውስጥ አይዘፈዘፍም፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣም። በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ይደርቃል። ሲገረጣ ትንሽ ዘይት ይቀባል። አንዲት ደንበኛዬ የገዛችውን በሁለተኛው ወር ተሰንጥቆ መለሰችልኝ፤ ሳልነግራት ሰሃን እንደሚታጠበው ስትዘፈዝፈው ነበር። ጥፋቱ የእኔ ስለነበር ሌላ ሠርቼ ሰጠኋት።

የተሰነጠቀውስ? አትጣሉት። ያ የመጀመሪያው ገበቴዬ አሁንም አለ። የተሰነጠቀ ቅል እንደሚሰፋው፣ ስንጥቁን ይዤ ግራና ቀኝ ቀጫጭን ቀዳዳ በስቼ በመዳብ ሽቦ ሰፋሁት። ሰባት ስፌት። እማዬ ቤት መጥታ አየችው፣ «ይኼን ለእኔ» አለች፣ ወሰደችው። ቡና ሲፈላ ፈንዲሻው የሚቀርበው በእሱ ነው።

አሁን በሲሚንቶ ወረቀት የተጠቀለሉ አምስት ገበቴዎች አልጋዬ ሥር አሉ፤ ሦስት ዋንዛ፣ አንድ ግራቪሊያ፣ አንድ ትንሽ ወይራ። ሐምሌ ላይ የቆረጥኳቸው ናቸው። ትናንት እሑድ መዘንኳቸው። ትልቁ ዋንዛ 1,140 አለ። ያለፈው እሑድ 1,152 ነበር። መልሼ ጠቀለልኩት።